ከግኝት እስከ ሕሙም፦ የስኳር በሽታ መድኃኒቶች አሠራርና ታሪክ ከእንጦጦ ግርጌ ሲታይ

የአንድ መድኃኒት ታሪክ ሁለት ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያው መድኃኒቱ በቤተ ሙከራ የተገኘበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከቤተ ሙከራው ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮና ተራራ ወጥቶ ከሕሙሙ እጅ የደረሰበት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በመጻሕፍት በሰፊው ተጽፏል፤ ሽልማትም ተሰጥቶበታል። ሁለተኛው ግን የመንገድ፣ የመብራት፣ የውኃና የማቀዝቀዣ ታሪክ በመሆኑ ጸሐፊው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ በሐኪም ሳይሆን በመሐንዲስ የተዘጋጀበት ምክንያትም ይኸው ነው። ዓላማው የስኳር በሽታ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በምን ዘዴ እንደሚቀንሱ ለማኅበራችን አባሎች ማስረዳትና፣ መድኃኒቱ የሚሠራበት መንገድ የሚጓዝበትንም መንገድ እንደሚወስን ማሳየት ነው።

ለማስረጃ የምንጠቅሰው ቦታ ሩቅ አይደለም፤ የእንጦጦ ተራራና ከሥሩ የተዘረጋው የየካ ክፍለ ከተማ ነው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ወደ አዲስ አበባ ከመጣ ወዲህ ዘመናዊ ሕክምና በከተማይቱ ሥር ሰደደ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተውና በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታልም ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ክልል ይገኛል። ከበላዩ ደግሞ ምንጩ፣ ባሕር ዛፉና ጸበሉ ያለበት ተራራ ቆሟል። የምንናገረው ነገር ሁሉ ከእነዚህ ጋር የሚያያዝ ነው።

ትንሽ ገንዳ፣ ትልቅ ፍሰት

የስኳርን ነገር ለመረዳት ከውኃ መነሣት ይቀላል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት ባስገባ ጊዜ፣ የገጠመው ጥያቄ ዛሬም በለገዳዲ ግድብ የሚሠራ ባልደረባችን ከሚገጥመው የተለየ አልነበረም። ስንት ይገባል? ስንት ይወጣል? በመካከሉስ ስንት ይጠራቀማል?

የሰው ደም በዚህ ዓይን ሲታይ እጅግ ትንሽ ገንዳ ነው። ጤነኛ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ባደረበት ጠዋት ቢመረመር፣ በአንድ ዴሲ ሊትር ደሙ ውስጥ ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ግሉኮስ ይገኛል። 5 ሊትር ያህል ደም ላለው ሰው ይህ በጠቅላላው ከ5 ግራም አይበልጥም፤ የአንድ ሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። አንጎል ግን ብቻውን በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ይፈጃል። ከገንዳው የሚቀዳው ገንዳው ከሚይዘው ከ20 እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ገንዳ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ያለ መቆጣጠሪያ ቢተው፣ ወይ ይደርቃል ወይ ሞልቶ ይፈስሳል።

ገንዳው ሲጎድል የሚሞላው፣ ትርፍ ሲኖርም ተቀብሎ የሚያከማቸው ጉበት ነው። 100 ግራም ያህል ግሉኮስ ግላይኮጅን በሚባል መልክ አከማችቶ ይይዛል፤ ክምችቱ ሲያልቅም ከሌላ ንጥረ ነገር አዲስ ግሉኮስ ይሠራል። መቼ እንደሚለቅና መቼ እንደሚያቆም የሚነግረው ዋናው መልእክተኛ ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲመጣ ጉበት መልቀቁን ያቆማል፤ ጡንቻና ስብም በራቸውን ከፍተው ግሉኮሱን ያስገባሉ።

ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሕዋሳቱ ጥሪውን መስማት ሲሳናቸው ገንዳው ከልክ በላይ ይሞላል። የግሉኮሱ መጠን በዴሲ ሊትር ከ180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት አጥርቶ ለመመለስ አይችልም፤ ስኳሩ ውኃ እየሳበ በሽንት ይወጣል። ሕሙሙ ሌሊት ደጋግሞ የሚነሣው፣ ቀንም በጥም የሚቃጠለው ስለዚህ ነው። በሽንት የታየው ስኳር ከግድብ ትርፍ ማፍሰሻ ላይ እንደሚታይ ውኃ ነው፤ መሙላቱን ይናገራል እንጂ ለምን እንደ ሞላ አይናገርም።

ከእንጦጦ ዘውድ እስከ ቶሮንቶ

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ያ ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1889 ነበር። በዚያው የአውሮፓ ዓመት በስትራስቡርግ ከተማ ዮሴፍ ፎን ሜሪንግና ኦስካር ሚንኮቭስኪ የተባሉ ሐኪሞች የአንድ ውሻ ቆሽት ቆርጠው አወጡ። ውሻው ብዙ ይሸና ጀመር፤ ሽንቱም ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። ብዙ ዘመን ከኩላሊትና ከሆድ ሲፈለግ የኖረው የበሽታው መነሻ ቆሽት መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ይሁን እንጂ ቆሽት የሚያመነጨውን ነገር ለይቶ ለማውጣት ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ። ችግሩ ቆሽት ምግብ የሚፈጩ ቅመሞችንም የሚያመነጭ በመሆኑ፣ ሲጨመቅ እነዚህ ቅመሞች የሚፈለገውን ንጥረ ነገር ያበላሹት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ ሙከራቸውን አደረጉ፤ ጄምስ ኮሊፕ የተባለው የባዮኬሚስትሪ ሊቅም ጭማቂውን አጠራው። በጥር ወር 1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1922) ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ ቆሻሻ ስለነበረበት ብዙ አልረዳውም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የተሰጠው የጠራው ግን ስኳሩን አወረደለት። ከዚያ በፊት ለእንዲህ ያለ ልጅ ሐኪሞች የነበራቸው ዘዴ በረኃብ እድሜውን ማራዘም ብቻ ነበር። ባንቲንግና ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1923 የኖቤል ሽልማት አገኙ። የፈጠራ መብቱ ለዩኒቨርሲቲው የተላለፈውም በአንድ አንድ ዶላር ነው።

የኢንሱሊን አሠራር ኋላ በዝርዝር ታውቋል። ኢንሱሊን በጡንቻ ሕዋስ ሽፋን ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገጥም፣ በሕዋሱ ውስጥ ተከታታይ ምልክቶች ይተላለፋሉ። በመጨረሻም ግሉት-4 የተባሉት የግሉኮስ በሮች ከሕዋሱ ውስጥ ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ፤ ግሉኮስም በእነርሱ ይገባል። ቁልፉ በሩን የሚከፍት ብቻ ሳይሆን በሩን ከግምጃ ቤት አስወጥቶ የሚያቆም ነው ቢባል ይቀርባል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ኢንሱሊን ፕሮቲን መሆኑ ነው። ቢዋጥ ጨጓራና አንጀት እንደ ሥጋ ይፈጩታል፤ ስለዚህ በመርፌ መሰጠት አለበት። ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶም ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ይኖርበታል። መርፌውም ማቀዝቀዣውም የመድኃኒቱ ተፈጥሮ ያመጣቸው ግዴታዎች ናቸው።

የንግሥቲቱ ሕመም

ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ምኒልክ የስኳር በሽታ እንደ ነበረባቸው የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ይገልጻሉ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ባለቤታቸው የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት ወደቁ። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥቲቱ በአዲስ አበባ አረፉ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። የሞታቸው ምክንያት በጊዜው ብዙ ቢያነጋግርም፣ በስፋት የተጻፈው ኃይለኛ ትኩሳት፣ የተስቦ ዓይነት፣ ከስኳር በሽታቸው ጋር መደረቡ ነው።

ትኩሳትና ስኳር በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን የዛሬው ሳይንስ በግልጽ ያስረዳል። ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ይበዛሉ፤ እነርሱም ጉበትን ግሉኮስ ልቀቅ ይሉታል፣ የኢንሱሊንንም ጥሪ ያዳክማሉ። ስለዚህ ሕሙሙ እህል ባይቀምስ እንኳ ስኳሩ ሊወጣ ይችላል። ኢንሱሊን ፈጽሞ ካነሰ ደግሞ ሰውነት ስብ ያቃጥላል፤ ከስቡም አሲድነት ያላቸው ኪቶኖች ይወጣሉ፤ ደሙም ይመረዛል።

ያን ጊዜ ኢንሱሊን በዓለም ላይ ከዋለ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። የጅቡቲ ባቡርም አዲስ አበባ ከደረሰ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ነገር ግን ባቡር መድረሱና መድኃኒት መድረሱ አንድ አይደለም። አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከአውሮፓ ወደብ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን፣ የጅቡቲን ሙቀትና የአዋሽን በረሃ አቋርጦ ሳይበላሽ እንዲመጣ መርከቡ፣ ፉርጎውና መጋዘኑ ሁሉ ቅዝቃዜ መጠበቅ አለባቸው። ከዚያም በኋላ በየቀኑ የሚወጋ እጅና ደም የሚመረምር መሣሪያ ያስፈልጋል። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ሲጎድል የቀሩት ዋጋ የላቸውም።

ከተስቦ ሕሙማን የተገኘው ኪኒን

የሚዋጥ የስኳር መድኃኒት የተገኘው በአጋጣሚ ነው፤ አጋጣሚውም ከዚሁ ከትኩሳት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ፈረንሳይ በጦርነት ውስጥ ሳለች፣ በሞንፔሊዬ ከተማ ማርሴል ዣንቦን የተባለ ሐኪም የአንጀት ተስቦ (ታይፎይድ) ለያዛቸው ሰዎች አንድ አዲስ የሰልፋ መድኃኒት ሰጠ። ሕሙማኑ ስኳራቸው ከልክ በታች እየወረደ ይዝለፈለፉ ጀመር። ባልደረባው ኦጉስት ሉባቲየር ነገሩን በውሾች ላይ መርምሮ፣ መድኃኒቱ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚቀሰቅስ መሆኑን አረጋገጠ። ሰልፎኒል ዩሪያ የተባለው የመድኃኒት ቤተሰብ ከዚህ ተወለደ፤ በአገራችን በስፋት የሚታወቀው ግሊበንክላማይድም ከእርሱ ወገን ነው።

አሠራሩ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ እንግዳ አይሆንም። ኢንሱሊን በሚያመነጨው ሕዋስ ሽፋን ላይ ፖታሲየም የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ግሉኮስ ሲበዛ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፤ በሽፋኑ ግራና ቀኝ ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ይለወጣል፤ ካልሲየም ይገባል፤ የተከማቸውም ኢንሱሊን ይፈስሳል። ኪኒኑ የሚያደርገው ግሉኮስ ባይበዛም ቀዳዳዎቹን በራሱ መዝጋት ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የቆሽቱ ሕዋሳት ከሞቱ ኪኒኑ የሚቀሰቅሰው ነገር የለውም፤ በልጅነት በሚጀምረው የስኳር ዓይነት ኢንሱሊንን ሊተካ ያልቻለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ምግብ ባይበላም ኢንሱሊን ስለሚያስፈስስ፣ ኪኒኑን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድበት ይችላል። ከጾም በፊት ከሐኪም ጋር ስለ ሰዓቱና ስለ መጠኑ መመካከር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በእንጦጦ ላይ ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የተቋቋመው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሌላ ምሳሌ ይሰጠናል። ስኳር ያለበት ሰው በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከእጥፍ በላይ ነው። የነቀርሳው ዋና መድኃኒት ሪፋምፒሲን ደግሞ የጉበትን ኢንዛይሞች ስለሚያነቃቃ፣ ግሊበንክላማይድ ከወትሮው ፈጥኖ ከደም ይጠፋል። ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሕሙም ኪኒኑን ሳያቋርጥ ስኳሩ ቢወጣ፣ ጥፋቱ የእርሱ ላይሆን ይችላል።

ጉበትን የሚያስታግሠው

ሦስተኛው ዋና መድኃኒት ሜትፎርሚን ነው። መነሻው ጋሌጋ በምትባል፣ ከባቄላና ከአተር ወገን በሆነች የአውሮፓ ተክል ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው። ሜትፎርሚን ራሱ በደብሊን ከተማ የተቀመመው እ.ኤ.አ. በ1922፣ ኢንሱሊን በተወጋበት ዓመት ነው፤ ግን ተዘንግቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1957 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን ለስኳር ሕሙማን ሰጥቶ ውጤቱን አሳተመ፤ ግሉኮፋዥ፣ ማለትም ስኳር በላ፣ ብሎም ሰየመው። አሜሪካ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ታላቁ የብሪታንያ ጥናት በተለይ ከመጠን በላይ ለወፈሩ ሕሙማን ያለውን ጥቅም ካሳየ በኋላ፣ በዓለም ላይ ቀዳሚው ኪኒን ሆነ።

ስሙ ስኳር በላ ቢሆንም ስኳር አይበላም። ዋና ሥራው ጉበት አዲስ ግሉኮስ እየሠራ ወደ ደም መልቀቁን መቀነስ ነው፤ ከገንዳው በላይ ያለውን ቫልቭ ያጠብባል ማለት ነው። በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚመነጭበትን ሥራ በመጠኑ ስለሚገታ፣ ኤ.ኤም.ፒ.ኬ. የተባለው የኃይል ጉድለት ጠቋሚ ኢንዛይም ይነቃል። ቆሽትን የማይገርፍ በመሆኑም ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች ማውረዱ እምብዛም ነው። ሆኖም የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊቱ ለተዳከመ ሰው መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይከለከላል።

ይኸው ኢንዛይም ሰው ጡንቻውን ሲያሠራም ይነቃል። ለብዙ ዘመን የእንጦጦን ባሕር ዛፍ በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ ሲያወርዱ የኖሩት እንጨት ተሸካሚ እናቶች፣ በዚያው ዳገት ላይ ልምምድ የሚያደርጉት ሯጮቻችንም፣ የሚሠራ ጡንቻ የግሉኮስ በሮችን ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ ወደ ሽፋኑ እንደሚያወጣ የሚያሳዩ ሕያዋን ምሳሌዎች ናቸው። ሐኪም በእግር ሂድ ሲል ምክር ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ሁለተኛ በር እየከፈተ ነው።

ከሁሉም በላይ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የሜትፎርሚን ጉዞ ነው። ትንሽና ጠንካራ ሞለኪውል ስለሆነ ጨጓራ አይፈጨውም፤ ማቀዝቀዣም አይሻም። በኪስ ተይዞ ተራራ ይወጣል። ኢንሱሊን መሠረተ ልማት ሲጠይቅ፣ ሜትፎርሚን የሚጠይቀው መንገድ ብቻ ነው።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ትርፍ ማፍሰሻውን ዝቅ የሚያደርጉ መድኃኒቶች መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1835 ከፖም ዛፍ ሥር ቅርፊት የተገኘው ፍሎሪዚን ስኳርን በሽንት እንደሚያስወጣ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ከእርሱ አርአያ የተሠሩት አዳዲሶቹ ኪኒኖች ኩላሊት ግሉኮስን መልሶ እንዳይወስድ ያግዱታል። ጥንት የበሽታው ምልክት የነበረው ነገር ዛሬ የሕክምናው ዘዴ ሆኗል።

የቀረው መንገድ

የኢትዮጵያ የስኳር በሽታ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1984 ተቋቁሞ ሕሙማንን ሲያስተምርና ሲያግዝ ኖሯል። በጎንደርና በጅማ ሐኪሞችም ሕክምናውን ከትልቁ ሆስፒታል አውጥተው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ለማድረስ ጥረዋል፤ ምክንያቱም ኢንሱሊን ለመቀበል ቀናት በእግር የሚጓዝ ሰው፣ አንድ ቀን መምጣቱን ያቆማልና። እነዚህ የሐኪሞች ሥራዎች ናቸው። የእኛስ?

በመጀመሪያ ቅዝቃዜው አለ። የጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ለአንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋበት፣ ጉዳቱ በግንብ ላይ እንደሚታይ ስንጥቅ አይታይም፤ የተበላሸ ኢንሱሊን ብዙ ጊዜ በዓይን ከደኅናው አይለይምና። ሕሙሙ መርፌውን ይወጋል፤ ስኳሩ ግን አይወርድም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ደግሞ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች እጅ የሚያውቀው ጥበብ ይረዳል። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ በሸክላ ግድግዳ ላይ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ሸክላ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጎ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መሙላት፣ በተለይ አየሩ ደረቅ በሆነበት ቆላ፣ የተከፈተን ብልቃጥ ከቀን ሙቀት ያድናል። ማቀዝቀዣን አይተካም፤ ከባዶ መደርደሪያ ግን እጅግ ይሻላል።

ሁለተኛው እውቀት ነው። እንጦጦ የጸበል ተራራ ነው፤ ብዙ ሕሙማን ፈውስ ፍለጋ ይወጡበታል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጸበል አብረው ቢወሰዱ እንደማይጋጩ ለምእመናን አስታውቀዋል። ይኸው አስተያየት ለስኳር ሕሙም ይበልጥ አስቸኳይ ነው፤ ቆሽቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ ሰው መርፌውን ቢያቋርጥ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። እምነቱን ይዞ፣ ብልቃጡንም ይዞ መውጣት ይችላል።

ስለሆነም የጤና ጣቢያ ንድፍ በእጃቸው የሚገባ የማኅበራችን አባሎች ጥቂት ነገሮችን ቢጠይቁ መልካም ነው። የመድኃኒት ማቀዝቀዣው መስመር ከሌላው ጭነት ተለይቷል ወይ? መብራት ሲጠፋ የሚተካው ኃይል ስንት ሰዓት ይቆያል? የመድኃኒት ክፍሉ ከምዕራብ ፀሐይ የተጠበቀ ነው ወይ? ሙቀቱን በየቀኑ አንብቦ የሚመዘግበውስ ማን ነው? በ1922 ዓ.ም. መድኃኒቱ በዓለም ላይ ነበረ፤ ያልተሠራው ሰንሰለቱ ነበር። ዛሬ በየካ ሆስፒታል የሚሰጠው ብልቃጥ ከእንጦጦ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያም ሳይበላሽ እንዲገኝ፣ እነዚህ ጥያቄዎች ግንባታው ከመጀመሩ በፊት፣ በንድፉ ወረቀት ላይ መልስ ማግኘት አለባቸው።